ከጅዳ ዱባይ ስንት ሰዓት ነው?

«ከጅዳ ዱባይ ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ብለው ሦስት ሰው ይጠይቁ። አንዱ «ሁለት ሰዓት» ይልዎታል። ሌላው «አራት ሊሞላ ምንም አይቀረው» ይላል። ሦስተኛው «ሦስት» ብሎ ይገላግልዎታል። አንዳቸውም አልዋሹም። የመጀመሪያው ከዱባይ ወደ ጅዳ ሲመጣ ቲኬቱ ላይ ያየውን የመነሻ ሰዓት ከመድረሻው ቀንሶ ነው። ሁለተኛውም ቀንሶ ነው፤ የሄደው ግን ከጅዳ ወደ ዱባይ ነው። ሦስተኛው ወንበሩ ላይ የቆየበትን ጊዜ በእጅ ሰዓቱ ለክቷል።

መልሱን ከሰው አፍ ከመልቀም ራስዎ ቢያሰሉት ይሻላል። ወረቀት፣ እስክሪብቶና ስልክዎ ላይ ያለው ካልኩሌተር ይበቃል። ጅዳና ዱባይን የመረጥኩት በሁለቱም ወገኖቻችን ስለበዙና አንዱ ከተማ ሌላው ጋ ዘመድ ጥየቃ፣ ሥራ ወይም ዑምራ ብሎ የማይመላለስበት ሳምንት ስለሌለ ነው። ዘዴው ግን ለሙስካትም፣ ለቤይሩትም፣ ለጅቡቲም ያው ነው።

ከየት እስከ የት?

ከሁሉ በፊት የሚያርፉበትን አየር ማረፊያ ይለዩ። ጅዳ ላይ ብዙ አያስቸግርም፤ ያለው ከመሃል ከተማው በስተሰሜን የሚገኘው የንጉሥ ዓብዱልዓዚዝ አየር ማረፊያ ነው። ተርሚናሉን ግን ይጠይቁ። አዲሱ ተርሚናል 1፣ የሰሜን ተርሚናልና በድንኳን መሰል ጣሪያው የሚታወቀው የሐጅ ተርሚናል የተራራቁ ናቸው። ታክሲው አንዱ ጋ ካወረደዎት ሻንጣ እየጎተቱ ወደ ሌላው በእግር መሄድ የሚታሰብ አይደለም።

ዱባይ ላይ ነገሩ ይወሳሰባል። ሰው «የዱባይ ቲኬት አገኘሁ» ሲልዎት ሦስት የተለያዩ ቦታዎች ሊሆኑ ይችላሉ። ዋናው የዱባይ ዓለም አቀፍ አየር ማረፊያ ደይራ አጠገብ ነው፤ የሐበሻ ምግብ ቤት ከሚበዛበት ሰፈር በታክሲ ደቂቃዎች ብቻ ይርቃል። አል መክቱም የሚባለው ሁለተኛው በጀበል ዓሊ ወደብ በኩል፣ ከደይራ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ይገኛል። ሦስተኛው ሻርጃ ነው። ሻርጃ ራሷን የቻለች ኤምሬት ብትሆንም ርካሽ ቲኬት የሚሸጥልዎ ደላላ «ዱባይ ማለት ነው» ብሎ ያልፈዋል። ቲኬቱ ላይ ያሉትን ሦስት የላቲን ፊደላት ይመልከቱ፦ ዲ-ኤክስ-ቢ ዋናው ነው፤ ዲ-ደብልዩ-ሲ አል መክቱም፣ ኤስ-ኤች-ጄ ደግሞ ሻርጃ ነው። የጅዳው ጄ-ኢ-ዲ ነው። ሊቀበልዎ ከሚመጣው ሰው ጋር የሚነሳው ጭቅጭቅ ግማሹ የሚጀምረው ከእነዚህ ፊደላት ነው።

ርቀቱን መለካት

ስልክዎ ላይ ጉግል ማፕ ካለ መነሻውን ተጭነው ይዘው «ርቀት ለካ» የሚለውን መምረጥ ይችላሉ፤ ቁጥሩን ወዲያው ይነግርዎታል። እኔ ግን አንድ ጊዜ በእጅዎ እንዲያሰሉት እመክራለሁ። በእጁ ያሰላ ሰው በኋላ የሚነገረውን ቁጥር ሁሉ መጠርጠር ይችላል።

የምድርን ገጽ በኬክሮስና በኬንትሮስ የምንከፋፍለው ለዚህ ጊዜ ነው። የጅዳ አየር ማረፊያ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 21.7 ዲግሪ፣ በምሥራቅ ኬንትሮስ ደግሞ 39.2 ዲግሪ ላይ ነው። የዱባዩ ሰሜን 25.3፣ ምሥራቅ 55.4 ነው። ስለዚህ ዱባይ ከጅዳ 3.6 ዲግሪ ወደ ሰሜን፣ 16.2 ዲግሪ ወደ ምሥራቅ ትገኛለች።

አንድ የኬክሮስ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ነው። 3.6ን በ111 ያባዙት፤ 400 ኪሎ ሜትር ይሆናል። የምሥራቁን ግን እንደዚሁ ቢያባዙት ይሳሳታሉ። የኬንትሮስ መስመሮች እንደ ጎጆ ክዳን ወራጆች ናቸው፤ ከታች ይራራቃሉ፣ ወደ ጫፉ ሲጠጉ ይቀራረባሉ። በምድር ወገብ ላይ 111 ኪሎ ሜትር የነበረው ክፍተት ጅዳና ዱባይ ባሉበት አካባቢ ይጠብባል። ምን ያህል እንደጠበበ ለማወቅ የሁለቱን ከተሞች አማካይ ኬክሮስ ይውሰዱ፤ 23.5 ነው። ካልኩሌተርዎን ወደ ጎን ሲያጋድሙት ኮሳይን የሚለው ቁልፍ ይመጣል። የ23.5 ኮሳይን 0.917 ነው። እንግዲህ 16.2ን በ111፣ ከዚያም በ0.917 ሲያባዙ 1,649 ኪሎ ሜትር ያገኛሉ።

የቀረው ትምህርት ቤት ሳለን «ይሄ ምን ይሠራልናል?» ብለን ያማረርንበት የፓይታጎረስ ሕግ ነው። 400ን በራሱ፣ 1,649ንም በራሱ ያባዙ፤ ይደምሩና ካሬ ሥሩን ያውጡ። 1,697 ኪሎ ሜትር ይወጣል፤ 1,700 ብለው ይያዙት። ኮሳይኑን ቢረሱት 1,842 ይመጣ ነበር፤ ወደ 145 ኪሎ ሜትር ትርፍ ማለት ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ይህ አቋራጭ ለአጭርና ለመካከለኛ መንገድ ነው። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ልለካበት ካሉ 700 ኪሎ ሜትር ያህል ያስትዎታል፤ በዚያ ርቀት የምድር ክብነት ጨዋታውን ይቀይረዋልና። ለእንዲህ ዓይነቱ የሉል ካርታ ላይ ክር መወጠር ወይም ስልኩን መጠየቅ ይሻላል።

መሬቱና ባሕሩስ?

ጅዳ ቀይ ባሕር ላይ፣ ዱባይ በባሕረ ሰላጤው ዳር፤ ሁለቱም ወደብ ናቸው። አውሮፕላኑ ግን ባሕር የሚያየው ሲነሳና ሲያርፍ ብቻ ነው፤ መሃሉ እንዳለ የሂጃዝ ተራራና አሸዋ ነው። መርከብ እንዳይሄዱበት መሬቱ ባይከለክል ኖሮ መንገዱ አጭር በሆነ ነበር። እንደ ተፈጠረው ግን መርከቡ ከጅዳ ወደ ደቡብ ወርዶ በባብ ኤል መንደብ ይወጣል፤ የኤደንን ባሕረ ሰላጤ ይዞ የየመንንና የኦማንን ጠረፍ ይዞራል፤ በሆርሙዝ ሰርጥ ገብቶ ነው ጀበል ዓሊ የሚደርሰው። ይህ ወደ 4,000 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በሰዓት 28 ኪሎ ሜትር በሚሄድ የጭነት መርከብ ስድስት ቀን ይፈጃል። ለዱባይ ወንድምዎ በመርከብ ዕቃ ልከው «ገና አልደረሰም?» እያሉ ከሆነ ይህን አስታውሰው ይታገሡ።

በመኪና በሪያድ አድርገው፣ በባጥሃ ድንበር ወጥተው በገዋይፋት ይገባሉ፤ በአቡ ዳቢ አልፈው ዱባይ ሲደርሱ 2,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ያለ ዕረፍት እንኳ ከ20 ሰዓት በላይ መንዳት ነው። ድንበሩ ላይ የሚጠፋውን ጊዜ አልቆጠርኩም።

አንዳንዱ ደግሞ «በአዲስ አበባ በኩል ልሂድ፣ በዚያውም እናቴን ልያት» ይላል። እናትን ማየት በኪሎ ሜትር አይመዘንም፤ ሒሳቡን ግን ይወቁት። ጅዳ–አዲስ አበባ 1,410፣ አዲስ አበባ–ዱባይ 2,520፣ በድምሩ 3,930 ኪሎ ሜትር ነው። የመርከቡን መንገድ ያህል በሰማይ ዞሩ ማለት ነው።

ርቀቱን ወደ ሰዓት መለወጥ

በዚህ መስመር የሚበሩት አውሮፕላኖች ከፍታቸውን ከያዙ በኋላ በሰዓት ከ830 እስከ 900 ኪሎ ሜትር ይጓዛሉ። በ840 እናስላ። 1,700 ለ840 ሲካፈል ሁለት ሰዓት ከአንድ ደቂቃ ነው። እዚህ ላይ የሚያቆም ሰው ግን ሁልጊዜ «አውሮፕላኑ ዘገየ» እያለ ያማርራል። አውሮፕላኑ ከበሩ ተላቆ ማኮብኮቢያው ጫፍ እስኪደርስ መሬት ለመሬት ይሄዳል። ሲወጣና ሲወርድ በሙሉ ፍጥነቱ አይበርም። መድረሻው ጋ ወረፋ ይኖራል፤ በተለይ ዱባይ፣ አውሮፕላን ላይ አውሮፕላን በሚደራረብበት ሰዓት፣ ከተማዋን እያዩ መዞር የተለመደ ነው። መንገዱም ቢሆን በትክክል ቀጥ ያለ አይደለም፤ የአየር መንገዶች በሰማይ ላይ የተቀየሱ ናቸው፣ የተዘጋ የአየር ክልል ካለም ይታጠፋሉ። ለዚህ ሁሉ 45 ደቂቃ ይጨምሩ። ሁለት ሰዓት ከ45 ደቂቃ ሆነ።

ስለዚህ ዘዴው ይህ ነው፦ ርቀቱን ለ840 ያካፍሉ፣ 45 ደቂቃ ይጨምሩ። አዲስ አበባ–ዱባይን ቢሞክሩት ሦስት ሰዓት ከ45 ደቂቃ ያወጣልዎታል፤ የሄደበት ሰው ይመሰክራል።

ቲኬትዎ ላይ የጅዳ–ዱባዩ ሁለት ሰዓት ከ55 ወይም ሦስት ሰዓት ሆኖ ካገኙት አይደነቁ። አየር መንገዶች መርሐ ግብራቸው ላይ ጥቂት ደቂቃ ይለጥፋሉ፤ ዘግይተው ተነሥተው በሰዓቱ ለመድረስ ይረዳቸዋል። «ከተያዘለት ጊዜ 15 ደቂቃ ቀድመን ደርሰናል» የሚለውን የአስተናጋጇን ብሥራት ስሰማ ፈገግ የምለው ለዚህ ነው። እውነተኛውን ጊዜ ማወቅ ከፈለጉ ፍላይትራዳር 24 የሚባለው መተግበሪያ ላይ የበረራ ቁጥርዎን አስገብተው ያለፉትን ቀናት ይመልከቱ፤ በየቀኑ መቼ እንደተነሣና መቼ እንዳረፈ ተዘርዝሮ ይገኛል።

ነፋስም አለ። በዚያ ከፍታ ላይ፣ በዓረቢያ ሰማይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ ነፋስ አለ። እዚያ ብርድ በሚሆንበት ወቅት፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ይበረታል፤ በሰዓት ከ150 ኪሎ ሜትር የሚያልፍበት ቀን አይጠፋም። እኛ ክረምት በምንለው በሐምሌና ነሐሴ ወደ ሰሜን ይሸሻል። ልከኛውን፣ 100 ኪሎ ሜትሩን ወስደን እንየው። ወደ ዱባይ ሲሄዱ ከኋላ ይገፋዎታል፤ ፍጥነትዎ 940 ይሆንና የሰማዩን መንገድ በአንድ ሰዓት ከ49 ደቂቃ ይጨርሱታል። ሲመለሱ ፊት ለፊት ይገጥምዎታል፤ 740 ላይ ይወርዱና ሁለት ሰዓት ከ18 ደቂቃ ይፈጅብዎታል። በአንድ መንገድ የግማሽ ሰዓት ልዩነት። መልስ ጉዞው የረዘመብዎት ሥራ ስለሚጠብቅዎት ብቻ አይደለም።

ሦስቱ ሰዓቶች

አሁን ብዙ ሰው የሚወድቅበት ቦታ ደርሰናል። ጅዳ ከአዲስ አበባ ጋር በአንድ ሰዓት ትኖራለች። ዱባይ በአንድ ሰዓት ትቀድማለች። ከጅዳ 10:00 ተነሥተው ሁለት ሰዓት ከ45 ቢበሩ የጅዳ ሰዓት 12:45፣ የዱባይ ግን 13:45 ነው። ሲመለሱ ነፋሱን ጨምሮ ሦስት ሰዓት ቢበሩ፣ ከዱባይ 10:00 ተነሥተው ጅዳ 12:00 ይደርሳሉ። «አራት ሊሞላ» እና «ሁለት» ያሉት ሁለቱ ሰዎች የተለያዩት በዚህ ነው። ወደ ምሥራቅ ሲሄዱ በበረራው ላይ አንድ ሰዓት ይደምሩ፣ ወደ ምዕራብ ሲመለሱ ይቀንሱ፤ ከዚህ ሌላ ምሥጢር የለውም።

ሦስተኛው ሰዓት የእኛው ነው። ቲኬት በ24 ሰዓት ይጻፋል፤ እኛ ደግሞ ቀኑን ከጧት 12 ሰዓት ጀምረን እንቆጥራለን። 13:45 ላይ ስድስት ሲቀንሱ 7:45፣ ከቀኑ ማለት ነው። 22:20 ላይ ስድስት ቀንሰው፣ ከ12 የሚበልጥ ሲሆን 12 ደግሞ ይቀንሱ፤ ከምሽቱ 4:20። ከ06:00 በታች ለሆነው ስድስት ይደምሩ፤ 01:20 ከሌሊቱ 7:20 ነው። ዱባይ ያለች እህትዎ «7:45 ላይ እቀበልሃለሁ» ካለችዎ የየትኛውን አገር 7:45 እንደሆነ ይጠይቋት። በዚያው ቅጽበት አዲስ አበባ ያሉት እናትዎ ግድግዳ ላይ ያለው ሰዓት 6:45 ነው የሚለው።

ሰዓቱ ግን የከፋው አይደለም። የከፋው ቀኑ ነው። ከዓመታት በፊት ቲኬቴ «ሐሙስ 01:20» ይላል። እኔም በኩራት ወደ ሐበሻ ቀየርኩት፦ ሐሙስ ሌሊት 7:20። ረቡዕ ማታ እራቴን በልቼ ተኛሁ። ሐሙስ ቀን ሙሉ ሻንጣ ሳሥር ዋልኩ፣ ጎረቤት ተሰናበትኩ፣ ማታ 4:20 ላይ የአየር መንገዱ መስኮት ፊት ቆምኩ። ልጅቷ ወረቀቴን ዐይታ ዐይታ፣ በሚያሳዝን ትሕትና፣ «በረራዎ ዛሬ ነበር» አለችኝ። 21 ሰዓት አልፎታል። ለእኛ ሌሊቱ የሚከተለው ቀኑን ነው፤ ሐሙስ መሽቶ የሚመጣውን ሌሊት «ሐሙስ ሌሊት» እንላለን። ለቲኬቱ ግን ቀን የሚለወጠው እኩለ ሌሊት ላይ ነው፤ የሐሙስ 01:20 ማለት ረቡዕ ማታ ሻንጣ ይዞ መውጣት ነው።

መፍትሔው እናቶቻችን የሚያውቁት ቃል ነው፦ አጥቢያ። ቲኬቱ ላይ ከ00:00 እስከ 06:00 ያለ ሰዓት ካዩ ወዲያው «ለሐሙስ አጥቢያ» ብለው በአማርኛ ይጻፉት። «ለሐሙስ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 7:20» ብሎ የጻፈ ሰው ረቡዕ ማታ አይተኛም። በባሕረ ሰላጤው አገሮች ርካሽ በረራዎች ብዙውን ጊዜ እኩለ ሌሊት አልፎ ስለሚነሡ፣ ይህች አንዲት ቃል የአንድ ቲኬት ዋጋ ታድንልዎታለች።

ለዑምራ የሚሄዱ ከሆነ

ከዱባይ ወደ ጅዳ ዑምራ ለሚሄዱ ደቂቃዋም ትርጉም አላት። ጅዳ ከሚቃት፣ ማለትም ኢሕራም ሳይታሰር ከማይታለፈው ወሰን፣ ውስጥ ናት፤ ኢሕራም የሚታሰረውና የሚነየተው ጅዳ ከደረሱ በኋላ ሳይሆን ሚቃቱን ከማለፍ በፊት ነው። ከምሥራቅ የሚመጣው አውሮፕላን የሚያልፈው ጣኢፍ አቅራቢያ ባለው በቀርኑል መናዚል በኩል ነው። ይህ ቦታ ከጅዳ አየር ማረፊያ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ አውሮፕላኑ እየወረደ ስለሚሆን ከማረፉ በፊት ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ይታለፋል። በሰዓትዎ ከተነሡ ሁለት ሰዓት ሲያልፍ ይዘጋጁ። ብዙ አየር መንገዶች ቀድመው በድምፅ ማጉያ ያሳውቃሉ፤ ነገር ግን እንቅልፍ ይወስድዎት እንደሆነ አይታወቅም። ወንዶች ሁለቱን ነጭ ጨርቅ ከመሳፈራችሁ በፊት ልበሱ፤ የአውሮፕላን መጸዳጃ ቤት በር ላይ በዚያ ሰዓት የሚሠለፈውን ሰው ያየ ይህን ምክር አይንቅም። ከጅዳ አየር ማረፊያ ወደ መካ የሐረመይን ፈጣን ባቡር አለ፤ ጣቢያው እዚያው ግቢ ውስጥ ነው።

ከቤት እስከ ቤት

ሒሳቡ ያለቀው አየር ማረፊያው ላይ ከመሰለዎት ገና ነው። ጅዳ ቤትዎ ከከተማው ደቡብ ከሆነ፣ መንገዱ ከተጨናነቀ፣ አየር ማረፊያ ለመድረስ አንድ ሰዓት ይያዙ። ከበረራው ሦስት ሰዓት ቀድመው ይገኙ፤ በሐጅና በረመዳን ሰሞን ከዚያም ይቅደሙ። በረራው ሁለት ሰዓት ከ45። ዱባይ ላይ ለፓስፖርትና ለሻንጣ አንድ ሰዓት። ከዚያ ወደ ደይራ ግማሽ ሰዓት። ሲደመር ስምንት ሰዓት ከሩብ ነው። ጧት 12 ሰዓት ከጅዳ ቤትዎ ከወጡ፣ ዱባይ ያለው ቤት የሚገቡት በዚያ አገር ሰዓት ከቀኑ 9:15 ላይ ነው። «ሦስት ሰዓት ነው፣ ከሰዓት በኋላ ሥራ እገባለሁ» ብለው ለአሠሪ ቃል አይግቡ።

ሜትሮ ለመጠቀም ካሰቡ ቀዩ መስመር ተርሚናል 1 እና ተርሚናል 3 ደጃፍ ላይ ጣቢያ አለው፤ ተርሚናል 2 ላይ የለውም። ሌሊቱን ሙሉም አይሠራም፤ ለአጥቢያ የሚያርፍ ሰው ታክሲ ያስብ።

መሸጋገሪያ ያለው ቲኬት በርካሽ ቢያገኙ፣ የቁጠባውን ብር በሚጠብቁበት ሰዓት ያካፍሉት። ሪያድ ወይም ባሕሬን ላይ ዘጠኝ ሰዓት ተቀምጦ ለማግኘት የሚገባው ነው ወይስ አይደለም የሚለውን እርስዎ ያውቃሉ። እኔ ወጣት ሳለሁ አዎ እል ነበር፤ አሁን ወገቤ አይፈቅድም።

ሁሉም ሲያልቅ፣ ሊቀበልዎ ለሚመጣው ሰው ስልክ ከመደወል ይልቅ መልእክት ይጻፉለት፤ በአፍ የተነገረ ሰዓት ይጠፋል። እንዲህ ቢሆን ይበቃል፦ «ረቡዕ። አውሮፕላኑ በዱባይ ሰዓት 13:45 ያርፋል፣ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 7:45። ዲ-ኤክስ-ቢ፣ ተርሚናል 1። ከቀኑ 8:45 አካባቢ እወጣለሁ፣ ሻንጣ ሁለት ነው።» ሻንጣውን የጨመርኩት ሰውዬው ትንሽ መኪና ይዞ እንዳይመጣ ነው።